ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም፦ በጎንደር የክረምት ካምፕ ወጣት አስተማሪዎችን ስናሰለጥን የሆነው

በረንዳው ላይ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። ምድጃው ላይ ድስት አለ፤ ድስቱ ውስጥ ውሃ ይንተከተካል። አምስት ልጆች ራቅ ብለው ክብ ሠርተው ቆመዋል። አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ አስተማሪው ቴርሞሜትሩን ከፍ አድርጎ ባሳየው ቁጥር እያነበበ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። 88። 91። 93። እንደገና 93። አሁንም 93።

«ቲቸር፣ ቆመ እኮ» አለ ልጁ።

ወጣቱ አስተማሪ ቴርሞሜትሩን አየው። አራገፈው። መልሶ ከተተው። ያው 93 ነው። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። «ተበላሽቷል መሰለኝ» አለ። «ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። 100 ብላችሁ ጻፉ።»

ልጁ ላጲሱን አወጣና 93ን ማጥፋት ጀመረ። ወረቀቱ በክረምቱ እርጥበት ለስልሶ ስለነበር ተቀደደ። ቀዳዳው አጠገብ 100 ብሎ ጻፈ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ያንን ወጣት አምስት ቀን ሙሉ ያሰለጠንኩት እኔ ነኝ።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ከላያችን ያለው አየር ያነሰ ስለሆነ ግፊቱም ያነሰ ነው። ስለዚህ ውሃ ቀድሞ ይፈላል፤ 93 ዲግሪ አካባቢ። ደጋ ላይ ንፍሮ ቶሎ አልበስል የሚለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ 100 አይደርስም። ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር። ልጁም ልክ ነበር።

ወጣቱ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ፈተና ላይ «ከፍታ ሲጨምር የውሃ የመፍያ ነጥብ ምን ይሆናል?» ተብሎ ቢጠየቅ «ይቀንሳል» የሚለውን ሳያመነታ ያከብባል። ግን ልጆች ፊት ቆሞ፣ ያልጠበቀው ቁጥር ሲመጣበት፣ «እስቲ ለምን ይሆን?» ማለት አልቻለም። አስተማሪ ማለት መልስ ያለው ሰው ነው ብሎ ነው ያደገው። እኔም በአምስት ቀን ሥልጠና ይህንኑ አጠናክሬለት ነበር የመጣሁት።

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ለዚህ ነው። በየክረምቱ በየከተማው ለልጆች የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ካምፕ የሚያዘጋጁ ሰዎች እየበዙ ነው፤ ስቴም ይሉታል ባጭሩ። ደስ ይላል። ግን አስተማሪዎቹ እንዴት ይሰለጥናሉ የሚለው ሁሌ የመጨረሻ ሐሳብ ነው። እኛም ጋ እንዲሁ ነበር።

ማን፣ የት፣ መቼ

ካምፑ የቀን ካምፕ ነው። ልጆቹ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይመጣሉ፣ 7 ሰዓት ላይ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ቦታው ከፒያሳ ብዙ የማይርቅ፣ ለክረምት የተዘጋ ትምህርት ቤት ነበር። አራት ክፍልና አንድ ረጅም በረንዳ ሰጡን። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ስድስት ሳምንት ቆየን። ልጆቹ ከ8 እስከ 13 ዓመት ናቸው።

አስተማሪዎቹ 14 ነበሩ። ግማሾቹ ለእረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የቀሩት 12ኛ ክፍል ተፈትነው ውጤት የሚጠብቁ። ከአዘዞ በታክሲ የሚመጡ ነበሩ፣ ከማራኪ በእግር የሚመጡም ነበሩ።

አንዳንድ ወላጆች «እነዚህ ራሳቸው ልጆች አይደሉ እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ልጅ የሚጠይቀው የሚቀርበውን ሰው ነው። ክፍል ውስጥ አፉን የማይከፍት ልጅ ቤት ሲገባ ታላቅ ወንድሙን በጥያቄ ነዝንዞ ይጨርሰዋል። የ19 ዓመት አስተማሪ ለልጁ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ነው። ይህ ብዙ የተማረ ሰው እንኳ የማያገኘው ዕድል ነው። ዕድሉ የሚባክነው ወጣቱ ገና ከጅምሩ ትልቅ መምህር ለመምሰል ሲሞክር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው ሁኔታ ብዙ ልጅ ትምህርት አቋርጧል። «6ኛ ክፍል ነኝ» ያለ ልጅ የሚያነበው እንደ 3ኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። ይህን ቀድመን አላሰብንበትም።

የመጀመሪያው ሥልጠና

አምስት ቀን ነበር። ስላይድ አዘጋጀሁ። ሃያ ሙከራዎችን መረጥኩ፤ አብዛኞቹ ከኢንተርኔት የተገኙ ናቸው። እያንዳንዱን ፊት ለፊት ቆሜ ሠርቼ አሳየሁ። ወጣቶቹ በትጋት ማስታወሻ ያዙ፣ ፎቶ አነሡ። በአምስተኛው ቀን ሰርተፊኬት ሰጠን፣ ለስላሳ ጠጣን፣ ተጨባበጥን።

በአምስቱ ቀን ውስጥ አንድም ልጅ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ዋና ሳይማር ሰርተፊኬት እንደያዘ ዋናተኛ ነው ወደ ካምፑ የላክኋቸው። ለነገሩ ጎንደር ይህን የምታጣው ከተማ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አድርጎ ጤና ጣቢያ ድረስ እየላከ ነበር የሚያሰለጥነው። ሙያ ሰው መሐል ሆኖ እንደሚለመድ ከተማችን ታውቃለች። እኔ ግን በስላይድ ጀመርኩ።

የሙከራዎቹ ምርጫም ችግር ነበረበት። የኮምጣጤና የቤኪንግ ሶዳው እሳተ ገሞራ የመጀመሪያው ቀን ዋና ዝግጅት ነበር። ልጆቹ ጮኹ፣ አጨበጨቡ። በማግስቱ አንዲት ልጅ «እሳተ ገሞራ የሚፈነዳው ተራራው ውስጥ ኮምጣጤ ሲገባ ነው» ብላ ለጓደኛዋ ስታስረዳ ሰማሁ። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ ያሳየናትን ነው ያመነችው። ጎንደር የቆመችው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ በወጣ፣ ከዚያም በረጋ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ አጥር ራሱ በዚያ ድንጋይ የተሠራ ነው። እውነተኛው እሳተ ገሞራ አጥሩ ላይ ተቀምጦ እያለ እኛ ከኪዮስክ ኮምጣጤ ገዛን።

ቆርቆሮው

የመጀመሪያውን ሳምንት መስመር ያስያዘን ዝናቡ ነው። ሐምሌ ላይ የጎንደር ዝናብ ከረፋዱ ሊጀምር ይችላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ዝናቡ ሲወርድ ከአጠገብህ ያለ ሰው የሚናገረውን አትሰማም። አስተማሪዎቹ በመጀመሪያ ጮኹ። ከዚያ ድምፃቸው ዘጋ። ከዚያ ዝም ብለው ቆሙ።

አንደኛዋ ግን ሌላ ነገር አደረገች። የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ትንንሽ አምፖል ለየቡድኑ አደለች። በጣቷ አምፖሉን አሳየች፣ ከዚያ ትከሻዋን ሰበቀች፤ «እንዴት ይበራል?» እንደማለት። ቁጭ አለች። ሃያ ደቂቃ ያህል አንድ ቃል አልተናገረችም። የመጀመሪያው አምፖል ሲበራ ልጆቹ ዘለሉ። ሌላው ቡድን ተንጠራርቶ አየ፣ ሞከረ፣ ሽቦውን ገለበጠ። ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም ጋ በርቷል። የሚገርመው፣ አንድ ልጅ ሽቦውን ባትሪው ጫፍና ጫፍ ላይ በቀጥታ ቢያገናኘው እንደሚግል ራሱ ደርሶበት ነበር። ተነሥታ እጁን አነሣችለት፤ የተናገረችው ያኔ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰብስቤ ስለ እሷ ክፍል ተነጋገርን። «ምን አደረግሽ?» አልናት። «ምንም» አለች። «መናገር ስላልቻልኩ ነው።» የሳምንቱ ምርጥ ትምህርት የተሰጠው አስተማሪዋ መናገር ባልቻለችበት ሰዓት ነበር። ወጣቶቹ «የቆርቆሮ ሰዓት» ብለው ስም አወጡለት። ከዚያ በኋላ ጠራራ ፀሐይ እያለም «ዛሬ አንድ የቆርቆሮ ሰዓት ላድርግ» ይሉ ጀመር።

እንደገና መጀመር

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሥልጠናውን ከሰዓት አደረግነው። ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ በሳምንት አራት ቀን። ስላይዱን ተውኩት።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ነገ የሚሰጠውን ሙከራ መጀመሪያ አስተማሪዎቹ እንደ ልጅ ሆነው ይሠሩታል። ከመንካታቸው በፊት ግምታቸውን በወረቀት ይጽፋሉ። ከዚያ አንዱ ወይም አንዷ ለአራት እውነተኛ ልጆች አሥር ደቂቃ ያስተምራል። ልጆቹን ያገኘነው ከደጅ ነው፤ የጥበቃው አባባ የልጅ ልጆችና የጎረቤት ልጆች ነበሩ። የቀሩት አስተማሪዎች ዙሪያውን ተቀምጠው ይመለከታሉ። አስተማሪውን ግን አያዩም። የልጆቹን እጅ ነው የሚያዩት።

ይህን «እጅ ማየት» ያመጣው አንድ ቀን ያየነው ነገር ነው። የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ የሆነች አስተማሪያችን የቅስት ትምህርት አዘጋጀች። ጥሩ ሐሳብ ነበር። የፋሲል ግቢ በሮችና መስኮቶች ቅስት ናቸው፤ ፋሲለደስ ከተማዋን ከመሠረተ ወደ 400 ዓመት እየተጠጋ ነው፣ ቅስቶቹም ዛሬ ድረስ ቆመዋል። ከወለቃ ሸክላ ጭቃ አስመጣች። ጠበብና ሰፋ ያሉ ጡቦችን ቀድማ ቀርጻ አደረቀች። በመጨረሻ አናቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ድንጋይ ስታስገባና መደገፊያውን ስታወጣው ቅስቱ ቆመ። እኛ አስተማሪዎቹ አጨበጨብን።

ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ «የልጆቹን እጅ እዩት» አለ። የልጆቹ እጅ ንጹሕ ነበር። የእሷ እጅ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው።

ዝም አለች። ተናደደች መሰለኝ፣ ትክክል ናት። በማግስቱ ግን ጡቦቹን ለልጆቹ ሰጠቻቸው። ሦስት ጊዜ ፈረሰባቸው። በአራተኛው አንድ ትንሽ ልጅ ጡቡ ወደ ውጭ እንደሚንሸራተት አየና ሁለት ድንጋይ ግራና ቀኝ አስደገፈ። ቅስት የላዩን ክብደት ወደ ጎን እንደሚገፋና ግንቦች ለዚህ ወፍራም እንደሚሆኑ ከዚያ በላይ ማስረዳት አይቻልም። ልጁ በእጁ ነው የደረሰበት።

እጅ ማየት ሌላም ነገር ገለጠልን። በየቡድኑ ዕቃውን የሚይዙት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶቹ ይጽፋሉ። ማንም አላዘዘም። እንዲሁ ሆኖ ነው የሚገኘው። ስለዚህ በሦስት በሦስት ከፈልናቸውና ሥራውን ሰየምነው፦ እጅ፣ ዓይን፣ ብዕር። እጅ ይሠራል፣ ዓይን ያየውን ይናገራል፣ ብዕር ይጽፋል። በየአሥር ደቂቃው ይቀያየራሉ። መጀመሪያ ላይ ማጉረምረም ነበረ። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ራሳቸው «ተራዬ ነው!» እያሉ ያስከብሩት ጀመር።

አንድ ትንፋሽ

አንድ ጠዋት ሰዓቴን ይዤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪው ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰከንድ ዝም እንደሚል ልለካ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለመለካት እንኳ አልደረስኩም። «ለምን ይመስላችኋል? ምክንያቱም…» ነው የሚሉት።

ይህ የእኛ አስተማሪዎች ጉድለት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ አጥንታዋለች። መምህራን ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አገኘች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ መልስ የማይሰጡት ይቀንሳሉ፣ ልጆቹ እርስ በርስ መነጋገር ይጀምራሉ።

ሦስት ሰከንድ ስትሰማው ትንሽ ነው። ልጆች ፊት ስትቆም ግን ዘመን ነው። ወጣቶቹ ሲሞክሩት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ሰከንድ መቁጠሩን ትተን «አንድ ትንፋሽ» አልነው። ትጠይቃለህ። በአፍንጫህ ቀስ ብለህ አየር ታስገባለህ፣ ቀስ ብለህ ታስወጣለህ። ከዚያ በፊት አትናገርም። ልጁ ከመለሰም በኋላ አንድ ትንፋሽ። «ጎበዝ» ወይም «ተሳስተሃል» ለማለት አትቸኩልም።

ከሁሉም በላይ ያስቸገረው ይህ ሁለተኛው ነው። «ጎበዝ» የሚለው ቃል ከአፋችን አይጠፋም። ለልጁ ደግ ነገር የተናገርን ይመስለናል። ግን አንዱ «ጎበዝ» ሲባል የቀሩት አምስት ልጆች ማሰብ ያቆማሉ፤ መልሱ ተገኝቷላ።

በአማርኛ ማሰብ

ያልጠበቅሁት ትልቁ ችግር ቋንቋው ሆነ። ወጣቶቹ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ሳይንስን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ደግሞ የሚያስቡት በአማርኛ። አንዱ አስተማሪ ጉልበት ያለውን ሌላው ኃይል ይለዋል፤ ልጆቹ ክፍል ሲቀያይሩ ይደናገራሉ። አንዲት በጣም ጎበዝ የኬሚስትሪ ተማሪ እንቁላል በንጹሕ ውሃ ሰምጦ ጨው ሲበዛበት ለምን እንደሚንሳፈፍ ልታስረዳን ጀመረች። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደሄደች ቆመች። «በእንግሊዝኛ የማውቀው መሰለኝ» አለች። «በአማርኛ ሳስበው ለካ አልገባኝም ነበር።»

ይህን ሳታፍር በሁሉም ፊት መናገሯን እስካሁን አደንቃለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ደንብ አወጣን። ልጁ ያየውን በራሱ ቃል እስኪናገር ድረስ የመጽሐፉ ቃል አይነገርም። በእሷ ክፍል አንድ ልጅ «ጨው የገባበት ውሃ ጠበቅ ያለ ነው፣ እንቁላሉን አያሳልፈውም» አለ። «ጥግግት» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ የጻፈችው ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ አገኘ።

የተቀየረውን ከሁሉ በላይ ያየሁት ግን ባልታቀደ ሰዓት ነው። በአራተኛው ሳምንት አንድ ረፋድ ሰማዩ ጠቆረና ነጎድጓድ ጀመረ። ትንንሾቹ ፈሩ። ሁለቱ አለቀሱ። አንድ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ዝምተኛ አስተማሪ ሁሉንም ወደ ክፍል አስገባ፣ ከመስኮቱ አራቃቸው፣ ከዛፍ ሥር የቆሙትን ጠራቸው። ከዚያ «ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ብልጭ አለ። ሠላሳ ድምፅ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ጀመረ። ዘጠኝ ላይ ነጎደ። «ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል» አለ። አንድ ትንፋሽ። ሌላ ትንፋሽ። አንዲት ልጅ «ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነዋ!» አለች። «እንግዲያው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው» አለ ሌላው። «ሥላሴን አልፎ ነው!» የሚቀጥለው ስድስት ሆነ። ከዚያ አሥራ ሁለት። «እየሄደ ነው፣ እየሄደ ነው» ይሉ ነበር። የሚያለቅሱት ልጆች ማልቀሳቸውን መቼ እንደተዉ አላየሁም።

ያልሠራልን

ሁሉም አልተሳካም። ሁለት አስተማሪዎች በሦስተኛው ሳምንት ተዉን። አንደኛው የሚችል ልጅ ነበር። የትራንስፖርት አበል ሊሰጠን ቃል የገባልን አካል ሁለት ሳምንት ዘገየብን፣ ልጁ ደግሞ ከአዘዞ ነው የሚመጣው። በየቀኑ ከኪሱ ከፍሎ እንዲመጣ መጠበቅ አልነበረብኝም። በጎ ፈቃድ ማለት ተርቦ መሥራት አይደለም።

ማንበብ የሚያዳግታቸውን ልጆች በተመለከተም ዘገየን። አንድ 12 ዓመት ልጅ ወረቀቱ ላይ ያለውን መመሪያ ጮክ ብሎ እንዲያነብ በጓደኞቹ ፊት ተጠየቀ። አልቻለም። በማግስቱ አልመጣም፣ ከዚያም አልመጣም። መመሪያውን ሁሉ በሥዕል የቀየርነው ከእሱ በኋላ ነው። ቤቱን አፈላልገን አላገኘነውም።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ መጣ። ልጆች ፍልሰታን መጾም ይወዳሉ፤ ስምንት ዓመት ያልሞላት እንኳ «እጾማለሁ» ትላለች። 5 ሰዓት ላይ ዓይናቸው ይደክማል። ሩጫና ግንባታ ያለበትን ወደ ጠዋት አመጣነው፣ ከረፋዱ በኋላ መለካትና መሣል ብቻ። ለማይጾሙት ዳቦውን ለብቻ ክፍል አዘጋጀን። እንዲህ ያለውን ነገር ከየትም አገር የሚመጣ የካምፕ መመሪያ አይነግርህም።

ጅራፍና ጥላ

የቡሄ ሰሞን ልጆቹ ጅራፍ ይዘው መጡ። መጀመሪያ ልንከለክል ነበር። የቴርሞሜትሩ አስተማሪ «ለእኔ ተዉት» አለ።

ልጆቹን ሜዳ ላይ አራርቆ አቆማቸው። አንድ ትልቅ ልጅ አስጮኸው። «ምንን መትቶ ነው የጮኸው?» ብሎ ጠየቀ። ተነፈሰ። «መሬቱን!» አለ አንዱ። ልጁ መሬት ሳያስነካ ደግሞ አስጮኸ። «ራሱን ነው የመታው!» አለች ሌላዋ። ቀስ ብለው እንዲያዩት አደረገ። ጅራፉ ወደ ጫፉ እየቀጠነ እንደሚሄድ አስተዋሉ። ወፍራሙ ሲወረወር ጉልበቱ ወደ ቀጭኑ ይሸጋገራል፣ ጫፉም እየፈጠነ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ከድምፅ በላይ ይፈጥናል፤ ያ «ጧ!» የሚለው አየሩ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ነው። «ይህን እኔም ትናንት ማታ ነው ያነበብኩት» አላቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ቀን ያንን ደብተሩ የተቀደደበትን ልጅ ፈልጎ አገኘው። አጠገቡ ተቀመጠ። «የእኔ ወንድም፣ ያኔ ልክ የነበርከው አንተ ነህ» አለው። ልጁ ደብተሩን ገልጦ ቀዳዳውን አሳየው። አስተማሪው ብዕር ሰጠው። ልጁ ቀዳዳው ዙሪያ 93 ብሎ በብዕር ጻፈ፣ አጠገቡም «ጎንደር» ብሎ ጨመረ።

ጥላውን ከሐምሌ ጀምሮ ስንከታተል ነበር። ግቢው መሐል አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርገን ተክለናል። ደመና በሌለበት ቀን ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ጥላውን ይለካሉ። እኩለ ቀን ስል 6 ሰዓት ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ ጎንደር ከዚያ ወደ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ይህንንም ልጆቹ ናቸው ከልካቸው ያወጡት። ሐምሌ 20 አካባቢ ጥላው 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፣ የሚያርፈውም ወደ ደቡብ። በክረምት ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ስለምትሆን ነው። ብዙ አዋቂ ይህን ሲሰማ ይከራከራል። ከዚያ ጥላው በየሳምንቱ እያጠረ መጣ።

ነሐሴ 14፣ የቡሄ ማግስት፣ ጠዋት ሰማዩ ድፍን ደመና ነበር። ተስፋ ቆርጠን ነበር። 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ደመናው ትንሽ ተከፈተ። ልጆቹ ሮጡ። ወደ ፀሐይ ቀና እንዳይሉ አስተማሪዎቹ አስጠነቀቁ። እንጨቱ ቆሟል። ጥላ የለውም።

አንዲት ትንሽ ልጅ እንጨቱን ዞረችው። «ቲቸር፣ ጥላው የት ሄደ?» አለች።

የምህንድስና ተማሪዋ ነበረች አጠገቧ። አፏን ከፈተች። መልሱን ታውቀዋለች፤ ሳምንት ሙሉ ስትዘጋጅበት ነበር። ዘጋችው። ተነፈሰች። ልጅቷ ተንበርክካ የእንጨቱን ሥር አየች። «ከሥሩ ገብቷል» አለች። «ፀሐይዋ ልክ ከላይ ሆና ነው የረገጠችው።» ሌላው ልጅ ቀጠለ፦ «ነገስ?» ማንም አልመለሰለትም። መለኪያውን ይዞ ሊጠብቅ ተስማማ።

ለሚቀጥለው ክረምት ሥልጠናው ከካምፑ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልጆች ይኖራሉ። አበሉ ቀድሞ ካልተገኘ ማንንም አንጠራም። አሰልጣኝ ሆነው ከእኔ ጋር የሚሠሩት ካለፈው ክረምት ሦስት ናቸው፤ አንዱ የቴርሞሜትሩ አስተማሪ ነው። የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር እንዲያወጣ ጠየቅሁት። የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ቴርሞሜትር፣ 2። አንዱን ስንጠራጠር በሌላው ለማመሳከር።»